ሰላምታው ለምን አጠረ?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነኝ። ከኋላዬ የምትሰሙት ነፋሱን ነው። መስኮቱን ዘግቼዋለሁ፤ ግን እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ ነፋሱን ዝም ማሰኘት አይቻልም።

የዛሬው ወሬያችን ምስጋና ነው። ስለ ምስጋና ሲወራ ብዙ ጊዜ "ባላችሁ ተደሰቱ" ይባልና ያልቃል። እኔ ግን ከዚያ በፊት የሚመጣ ነገር አለ ባይ ነኝ። ልብ ያላልነውን ነገር እንዴት እናመሰግንበታለን?

አያቴ የመንዝ ሰው ናት። መንገድ ላይ ሰው ካገኘች ሰላምታው ቶሎ አያልቅም። "እንደምን ሰነበታችሁ? ልጆቹስ? ከብቱስ? አዝመራው እንዴት ነው?" ለእያንዳንዱ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይባላል፣ ከዚያ ደግሞ ያኛው ወገን ተራውን ይጠይቃል። ልጅ እያለሁ ቀሚሷን እየጎተትኩ "እንሂድ" እላት ነበር። አሁን ሳስበው ግን በዚያ ሰላምታ ውስጥ የሰውየው ቤት በሙሉ ይነሳል፦ የታመመው ልጅ፣ የወለደችው ላም፣ ገና ያልታጨደው ገብስ፣ ሁሉም ተራ በተራ። እኛስ? "ሰላም ነው?" "ሰላም።" ከዚያ ቀጥታ ወደ ጉዳያችን። ምኑ ነው ሰላም የሆነው? የጠየቀም፣ ያየም የለም።

ሮበርት ኤመንስ እና ማይክል ማክካላ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ያወጡት ጥናት አለ። በአንዱ ሙከራቸው ተማሪዎችን ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ያመሰገነባቸውን እስከ 5 ነገሮች፣ ሌላው ያማረሩትን፣ ሦስተኛው እንዲሁ ያጋጠመውን፣ በሳምንት አንዴ ለ10 ሳምንት እንዲጽፍ ተደረገ። ምስጋናቸውን የጻፉት ካማረሩት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። እኔን የገረመኝ ውጤቱ ሳይሆን አሠራሩ ነው። ነገሩን ለይተህ መጥራት አለብህ። አያቴ ይህንን ያለ ወረቀት ታደርገዋለች።

እዚህ አካባቢ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ገበሬው ማታ ማታ ሰማዩን ያያል። ሰማዩ ከጠራና ነፋሱ ከቆመ ውርጭ ይፈራል፣ ባቄላው ሊመታ ነው። ደመና ካለ ግን ሙቀቱን ስለሚይዝ ትንሽ ይረጋጋል። ጠዋት ወጥቶ ማሳው ደህና ሆኖ ሲያገኘው "ተመስገን" ይላል፤ ያ ተመስገን ለምን እንደተባለ በደንብ ይታወቃል! እኔ ደግሞ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ እጄ የሚሄደው ወደ ስልኬ ነው። ሌሊቱ ምን እንደነበር እንኳ አላውቅም።

ሀሳባችን ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤቱ አይገኝም። ኪሊንግስዎርዝ እና ጊልበርት የተባሉ ተመራማሪዎች በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ባወጡት ጥናት ሰዎችን በስልክ መተግበሪያ በድንገት እየጠየቁ፣ 47 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ሀሳባቸው ከሚሠሩት ነገር ውጪ ሆኖ አገኙት። ያኔ ደግሞ ደስታቸው ያነሰ ነበር። ግማሽ ዕድሜ ማለት እኮ ነው!

ስለዚህ አሁን የማደርገው ትንሽ ነገር ነው። ቡና ሲፈላ ከአቦል እስከ በረካ ስልኬ ሌላ ክፍል ይቀመጣል። ደግሞም ሰው ሳመሰግን ምክንያቱን እጨምራለሁ። ጎረቤቴ ዝናብ ሲመጣ የተሰጣ ልብሴን ሁሌ ታነሳልኛለች። በቀደም "እኔ ቢሮ ሆኜ ሰማዩ ሲጠቁር ልቤ የሚያርፈው አንቺ ስላለሽ ነው" አልኳት። "ኧረ ምን አደረግኩና!" አለች፣ ግን ሳቋ ሌላ ሆነ። ከዚያ ቁጭ ብለን ስለ ልጇ ብዙ አወራን፤ እስከዚያ ቀን አንስተነው የማናውቀውን ነገር።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ሰው ሐዘን ላይ ሲሆን፣ ወይም ቤት ኪራዩና ጤፉ አላስተኛ ሲለው፣ "አንተ ተመስገን በል፣ ከአንተ የባሰ አለ" አትበሉት። ይህ አፍ ማዘጊያ ነው። ምስጋና ከራሱ ከሰውየው ከመጣ ይመጣል፣ ካልመጣም መብቱ ነው። እናንተ ቡና አፍሉለት። ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ ከታችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ልጆቹንም በየስማቸው እየጠራችሁ ጠይቁት።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ። ቸር ሰንብቱ።