አጥር የዘለሉት ልጆች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሰሞኑን አንዲት መነኩሲት ከሐሳቤ አልወጣ ብላለችና ስለ እሷ ላውራችሁ።

ማሪ ጉያር ትባላለች፤ የፈረንሳይ ሰው ናት። ገና 20 ዓመት ሳይሞላት ባሏ ሞተ። ክሎድ የሚባል ሕፃን እጇ ላይ ቀረ። ልጁ 11 ዓመት ሲሆነው ለዘመድ ትታው ኡርሱላይን ከሚባሉት የካቶሊክ ደናግል ገዳም ገባች። ክሎድ የትምህርት ቤት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣና በሩ ላይ «እናቴን መልሱልኝ!» እያለ ጮኸ። እኔ እዚህ ጋ ሁሌ እሷ ላይ እናደዳለሁ። እናት ናታ!

እ.ኤ.አ. በ1639 ባሕር ተሻግራ ዛሬ ካናዳ ውስጥ ያለችው ኬቤክ ገባች። ከሌሎች መነኩሲቶች ጋር ሆና ወንዙ ዳር ባለች ጠባብ ቤት የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተች። ወዲያው ፈንጣጣ ገባና ቤቷ ሆስፒታል ሆነች። ማሪ በ40 ዓመቷ የአገሬውን ቋንቋ ከፊደል ጀመረች፤ ኋላ የአልጎንኩዊንና የኢሮኳ መዝገበ ቃላት እስከማዘጋጀት ደረሰች።

ዓላማው የአገሬውን ሕዝብ ሴት ልጆች ማስተማር ብቻ አልነበረም። ፈረንሳዊት ማድረግም ነበር። ይኼ እንዴት እንደሄደ ራሷ በ1668 ጽፋዋለች። መቶ ልጅ በእጃችን ቢያልፍ አንዷን እንኳ መለወጥ ከብዶናል ትላለች። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ታዛዦች ናቸው፤ ግን ሳይታሰብ አጥር ዘለው ከዘመዶቻቸው ጋር ጫካ ይገባሉ። የከፋት ልጅ ካለች ደግሞ ወላጆቿ እንዳትሞትባቸው ፈርተው ይወስዷታል።

ከ29 ዓመት ልፋት በኋላ እንዲህ ብሎ መጻፍ ቀላል አይደለም። ደብዳቤዎቿን ከሞተች በኋላ ያሳተመው ማን መሰላችሁ? ክሎድ! እሱም መነኩሴ ሆኖ ነበር።

እኔን የያዘኝ ግን የወላጆቹ ነገር ነው። መጥተው ልጃቸውን መውሰድ ይችሉ ነበር። በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን በካናዳ በተስፋፉት የአገሬው ሕዝብ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይኼ ቀረ። ከ1920 ጀምሮ ልጁን አልሰጥም ያለ ወላጅ በሕግ ይቀጣ ነበር። ከትምህርት ቤቶቹ አብዛኞቹን ያስተዳድሩ የነበሩት የካቶሊክ ተቋማት ናቸው። ማሪን በ2014 ቅድስት ያሏት ፖፕ ፍራንሲስ፣ በ2022 ካናዳ ድረስ ሄደው ስለነዚያ ትምህርት ቤቶች ይቅርታ ጠየቁ።

በሉ፣ ቸር ይግጠመን።