ለሚተነፍስ ሰው መጻፍ

የተከበራችሁ የመዘምራን መሪዎች፣ ኦርጋን ተጫዋቾች፣ ዜማ ደራሲዎችና አቀናባሪዎች፣ እንደምን አላችሁ?

ለቤተ ክርስቲያን መዘምራንና ለኦርጋን ስለመድረስና ስለማቀናበር እንድናገር ነው የተጠየቅሁት። ርዕሱ ሰፊ ነው። ሁሉንም ልንካ ብል ሰዓቱ አይበቃንም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። አብዛኞቻችን የምናቀናብረው ኪቦርድ ላይ ተቀምጠን ነው። ጣታችን የደረሰበትን ሁሉ እንጽፋለን። ጣት የቻለውን ሁሉ ግን ጉሮሮ አይችለውም። የብዙ ቅንብር ጣጣ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከትንፋሽ ልነሳ። ዝግ ያለ መዝሙር በደቂቃ 60 ምት ይሄዳል እንበል። ባሩ (ኖታው የሚከፈልበት የምት ክፍል) ባለ 4 ምት ከሆነ 4 ባር 16 ሰከንድ ነው። ለጣት ምንም አይደለም። እስቲ እዚያው እንደተቀመጣችሁ አንድ አናባቢ ይዛችሁ 16 ሰከንድ ቁጠሩ። ፈገግ ያላችሁት ሞክራችሁታል ማለት ነው። የሰለጠነ ዘማሪ ይወጣው ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ሥራ ውሎ ማታ ልምምድ የመጣ ሰው ግን አይችልም፤ ደግሞም መቻል የለበትም።

አቀናባሪው መተንፈሻ ካልሰጠ ዘማሪው ራሱ ይወስዳል። የሚወስደው ደግሞ ቃሉን ለሁለት ሰንጥቆ ነው። ስለዚህ መተንፈሻውን እናንተው ጻፉት። ሐረጉ የሚያልቅበትን ረጅም ኖታ ትንሽ አሳጥሩና ዕረፍት አስገቡ። ረጅም መስመር የግድ ከሆነ ዘማሪዎቹ በየተራ ይተንፍሱ። ይህ የሚያዋጣው ግን ሰው ሲበዛ ነው። ሁለት አልቶ (ዝቅ ያለ የሴት ድምፅ) ብቻ ካላችሁ አንዷ ስትተነፍስ የአልቶው ግማሽ ይጠፋል።

ቀጥሎ የድምፅ ስፋት። ለምዕመናን የሚጻፍ ዜማ ከመካከለኛው ዶ ተነስቶ ከላይኛው ሬ ባያልፍ ጥሩ ነው። አልፎ አልፎ ሚ ቤሞልን መንካት ይቻላል፤ እዚያ ላይ መኖር ግን አይቻልም። የድሮ የመዝሙር መጻሕፍት ከዚህ ከፍ ብለው የተጻፉ መዝሙሮች አሏቸው። ዝቅ አድርጎ መዘመር ነውር የለውም። ለመዘምራኑ ደግሞ የድምፁ ጫፍ ብቻ ሳይሆን የሚያርፍበት ቦታ ይታሰብ። ሶፕራኖ፣ ከፍተኛዋ የሴት ድምፅ፣ ላይኛው ሶልን ልትነካ ትችላለች። ሙሉ አዝማቹን እዚያ ካስቀመጣችሁባት ግን የምንሰማው ጩኸት ነው። ቃሉም አይለይም። አናባቢዎች ከፍታ ላይ መልካቸው ስለሚጠፋ አስፈላጊ ቃል እዚያ አታስቀምጡ።

ስለ አልቶዎች አንድ አቤቱታ ላቅርብ። ለስምንት ባር አንድ ኖታ ላይ ተተክለው እንዲቆሙ የሚፈረድባቸው ለምንድን ነው? ዜማው ከላይ አለ፣ ባሱ ከታች አለ፣ የተረፈው ኖታ ለእነሱ ይጣልላቸዋል። ጀርመናዊው ዜማ ደራሲ ባክ እንዲህ አላደረገም። የእሱን ባለ አራት ድምፅ ኮራሎች (የምዕመናን መዝሙር ቅንብሮች) አውጡና አልቶውን ወይም ቴነሩን (ከፍ ያለውን የወንድ ድምፅ) ብቻ ነጥላችሁ ዘምሩ። መነሻና መድረሻ ያለው መስመር ታገኛላችሁ። ለመማር ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። በነጻም ይገኛል።

ባክ እ.ኤ.አ. በ1723 የጀርመኗ ላይፕሲግ ገብቶ እስከ ሞተበት እስከ 1750 እዚያው ሠራ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አዲስ ካንታታ (ለድምፅና ለመሣሪያ የተጻፈ ባለ ብዙ ክፍል ሥራ) ያቀርብ ነበር። ዜማዎቹን ሁሉ ግን ራሱ አልፈጠረም። ሕዝቡ የሚያውቀውን ይወስድ ነበር። የክርስቶስን ሕማም በሚተርከው በማቴዎስ ፓሽን ውስጥ አምስት ጊዜ የሚመለሰው ዜማ መጀመሪያ ዜማ ደራሲው ሐስለር እ.ኤ.አ. በ1601 ያሳተመው የፍቅር ዘፈን ነበር። ባክ ዜማውን እንዳለ ትቶ ከሥሩ ያለውን ሃርመኒ (ከዜማው ጋር አብረው የሚሰሙትን ድምፆች) በየቦታው ይለዋውጠዋል። ቃሉ ሲከብድ ሃርመኒውም ይከብዳል። ምዕመኑ የሚያውቀውን ዜማ አልተነጠቀም፤ የሚሰማው ነገር ግን አዲስ ነው። ለመዝሙር አቀናባሪ ይሄ ትልቅ ትምህርት ነው። ዜማውን ማጣመም ብልሃት የሚመስላቸው አሉ። አብሮ ሊዘምር አፉን የከፈተው ሰው ግን እዚያው ግራ ገብቶት ዝም ይላል።

ባለን ሰው ልክ ስለመጻፍም ላንሳ። በዓለም ላይ በብዛት ከሚዘመሩ የገና መዝሙሮች አንዱ፣ «ጸጥ ያለ ሌሊት» የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1818 በኦስትሪያ ኦበርንዶርፍ በምትባል መንደር ለሁለት ወንዶችና ለጊታር ነው የተጻፈው። ግጥሙ የካህኑ የዮሴፍ ሞር ነው፤ ዜማው የፍራንዝ ግሩበር። ሁለቱ ራሳቸው ዘመሩት። መዘምራኑ የሐረጉን መጨረሻ ብቻ ይደግሙ ነበር። ሙሉ ኳየር እስኪሟላ የሚጠብቅ ሰው ካለ ይህን ያስብ። ቴነር ከሌላችሁ ለሶፕራኖ፣ ለአልቶና ለአንድ የወንድ ድምፅ ጻፉ። በደንብ የተዘመረ ሦስት ድምፅ ከተንገዳገደ አራት ድምፅ በብዙ ይሻላል።

ወደ ቃሉ ልምጣ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በካቶሊኮች የትሬንት ጉባኤ ዘመን፣ ድምፆች እየተደራረቡ ቃሉን ሸፈኑት የሚል ብርቱ ቅሬታ ነበር። ጣሊያናዊው ዜማ ደራሲ ፓለስትሪና በአንድ ሚሳ (ለቅዳሴ በተጻፈ ዜማ) ሙዚቃን ከእገዳ አዳናት የሚባለው አፈ ታሪክ ነው፤ እሱን እንተወው። ሚሳው ግን ይጠና። ቃሉ ብዙ በሆነበት፣ ማለትም በጸሎተ ሃይማኖትና በስብሐቱ፣ ድምፆቹ በአብዛኛው አብረው ቃሉን ይናገራሉ። ቃሉ ጥቂት በሆነበት፣ እንደ ኪርያላይሶን ባለው፣ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። አድማጩ ቃሉን ቀድሞ ስለሚያውቀው መጠላለፉ አይጎዳውም። እኛ ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ እናደርጋለን። ረጅም ጥቅስ ይዘን በአራት አቅጣጫ እንበትነዋለን።

አሁን ኦርጋን። ኦርጋን ትልቅ ፒያኖ አይደለም። ቁልፉን በኃይል ብትመቱት ድምፁ አይጨምርም። ጣት ሲነሳ ድምፁ ያልቃል፤ ድምፅ አንጠልጥሎ የሚያቆይ ፔዳልም የለውም። ስለዚህ ለፒያኖ የተጻፈ የተበታተነ ኮርድ (አብረው የሚሄዱ ኖታዎች ስብስብ) ኦርጋን ላይ ሲመጣ አጥንቱ ብቻ ይቀራል። ኖታዎቹን አገናኙ፤ ከኮርድ ወደ ኮርድ የማይለወጠውን ኖታ ያዙት። በእግር የሚመታው ኪቦርድ ራሱን የቻለ ድምፅ ነው፤ የግራ እጅን ባስ እየደገመ መዋል የለበትም። ስቶፖቹንም፣ የትኞቹ ቧንቧዎች እንደሚሰሙ የሚመርጡትን፣ እወቁ። 8 ጫማ የሚባለው እንደተጻፈው የሚሰማው ነው፤ 4 ጫማ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ወደ ላይ፣ 16 ጫማ አንድ ኦክታቭ ወደ ታች ነው። በእግር 16 ጫማ ስቶፕ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ስትጽፉ ጭቃ ነው የሚሆነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ኦርጋን ትንፋሽ አያልቅበትም። ምዕመኑ ያልቅበታል። በአንዱ የመዝሙር ቁጥርና በሚቀጥለው መሀል ኦርጋኑ ካላረፈ ሰው የት እንደሚተነፍስ አያውቅም። ጥሩ ተጫዋች ከመዝሙሩ ጋር አብሮ ይተነፍሳል፤ ቅንብሩም ይህን መፍቀድ አለበት። መግቢያውም ሕዝቡ በሚዘምርበት ፍጥነት ይሁን። ዘገምተኛ መግቢያ ሰምቶ ፈጣን መዝሙር የሚጀምር ጉባኤ የለም።

በመጨረሻው ቁጥር ኦርጋኑን ልቀቁት። ምዕመኑ ዜማውን በአንድ ድምፅ ይያዝ፣ ሶፕራኖዎች ከላይ ሌላ ዜማ ይጨምሩ፣ ኦርጋኑ ሃርመኒውን ይለውጥ። ይሄ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ቢሆንም ዛሬም ይሠራል። በየቁጥሩ ካደረጋችሁት ግን አበቃለት።

ሕንጻውም አብሯችሁ ያቀናብራል። ድንጋይ በሆነ ረጅም አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ለብዙ ሰከንድ ይቆያል። እዚያ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ኮርድ እርስ በርሱ ይጋጫል። በቬኒስ ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን እነ ጋብሪኤሊ የተባሉ ዜማ ደራሲዎች መዘምራኑን በተለያየ ቦታ ከፍለው፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እንዲቀበል አድርገው ጽፈዋል። ምንጣፍና ጣሪያ ድምፁን በሚውጥበት ክፍል ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም፤ እዚያ ዕረፍቱን ማሳጠር፣ ሃርመኒውን ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

ስለ መብት ባጭሩ። ዜማው የቆየ ቢሆን እንኳ የምትይዙት ቅንብር የቅርብ ሰው ሥራ ሊሆን ይችላል። በብዙ አገሮች መብቱ ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። ባለመብት ካለ ከማቀናበራችሁ በፊት ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከጨረሳችሁ በኋላ ብትከለከሉ ልፋታችሁ ገደል ይገባል።

ኖታውን ከማባዛታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ሥራ አለ። ከኪቦርዱ ተነሱ። ቆማችሁ ሶፕራኖውን፣ አልቶውን፣ ቴነሩን፣ ባሱን ከዳር እስከ ዳር ከነቃሉ ዘምሩ፤ ኦክታቭ ለውጣችሁም ቢሆን። ትንፋሽ ያጠራችሁን ቦታ በእርሳስ አክብቡ። ዛሬ ሁለት ገጽ ቅንብር ይዤላችኋለሁ፤ በየመቀመጫችሁ አለ። የሁለተኛው ገጽ አልቶ ላይ ሆን ብዬ የተውኩት ችግር አለ። አልቶዎች፣ እናንተ ጀምሩና የት እንደሆነ ንገሩን።