ቅርቡን ጤና ጣቢያ አልፋ የምትሄደው ሴት

የተከበራችሁ የከተማችን የጤናና የትራንስፖርት ኃላፊዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ከተወለዱት ሕፃናት 97 በመቶ ያህሉ የተወለዱት በጤና ተቋም ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ቁጥሩ 26 በመቶ ነበር። ይህ ልዩነት የከተማዋ ሴት ችግር ያለቀ አስመስሎብናል። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ሴቲቱ ተቋም መድረሷ ሲመዘገብ እንጂ የትኛውን አልፋ እንደመጣች ሲጠየቅ አላየሁም።

ያላገባች ወጣት ለእርግዝና መከላከያ መርፌ የሰፈሯን ጤና ጣቢያ ትሸሻለች። ካርድ ክፍል የተቀመጠችው የእናቷ ዕቁብተኛ ናት፤ ወረፋው ላይ ጎረቤት አለ። መርፌው በየሦስት ወሩ ነውና በዓመት አራት ጊዜ፣ ታክሲ እየቀያየረች፣ ወደማትታወቅበት ሰፈር ትሄዳለች። ጥናቱ ሴቶችን ከሕክምና ስለሚያግዷቸው ነገሮች ሲጠይቅ ገንዘብን፣ ርቀትን፣ ፈቃድን፣ ብቻን መሄድን ያነሳል። «ማን ያየኛል?» የሚለው ስጋት ግን አልተጠየቀም፤ ለእኔ ትልቁ እርሱ ነው።

ነፍሰ ጡሯ ደግሞ ሌላ ምክንያት አላት። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የገባች እናት የመጀመሪያ ልጇን ስታዲየም አካባቢ ባለው ጋንዲ ሆስፒታል ወልዳ ከሆነ፣ ለሁለተኛውም ልቧ እዚያው ነው። ከአራብሳ መገናኛ፣ ከመገናኛ ስታዲየም፤ በጠዋት ግፊያ ሆዷን በክንዷ ከልላ። አላዋቂ ሆና አይደለም። የቅርቡ ጤና ጣቢያ አልትራሳውንዱ ተበላሽቶ ወይም የላቦራቶሪ ኬሚካሉ አልቆ «ውጪ አሠርተሽ አምጪ» ከተባለች፣ ቅርበቱ ምን ጠቀማት? ምጥ ላይ ሳለች የተቆጧት እናትም ወደዚያ ተቋም አትመለስም፤ ለእህቷም ትነግራታለች።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት ነፃ ነው፤ ታክሲው ግን ነፃ አይደለም። አሁን የሚመከረው ክትትል ስምንት ጊዜ ነው። ጉልት ለምትቸረችር ሴት እያንዳንዱ ቀጠሮ የመሳፈሪያ ወጪና የዕለት ገቢዋ ነው።

ስለዚህ አዲስ ጤና ጣቢያ ስታቅዱ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ብቻ አትለኩ፤ ስንት ታክሲ እንደሚያስቀይር፣ ሰልፉ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ቁጠሩ። የነፍሰ ጡሮች ቀጠሮ የሥራ መግቢያው ግርግር ካለፈ በኋላ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ይሁን። በክንድ የሚቀበረውን መከላከያ ሌላ ቦታ ያስቀበረች ሴት ማውጣት ስትፈልግ «ወደ ተቀበረልሽ ቦታ ሂጂ» መባል ይቅር፤ ይህ በየቀኑ የሚያንገበግበኝ ነገር ነው። የቤት ሠራተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትወጣው እሑድ ብቻ ነው፤ በዚያ ቀን በብዙ ጤና ጣቢያዎች ድንገተኛና ማዋለጃ ክፍል ሲሠሩ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ ዝግ ነው። በየክፍለ ከተማው ቢያንስ አንድ ጤና ጣቢያ እሑድ ይህን ክፍል ክፍት እንዲያደርግ፣ የተረኛ ባለሙያ በጀትም በመጪው ዓመት ዕቅድ እንዲያዝለት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።