ውሃው በየት ይውጣ? ስለ ባለ ውሃ ማጣበቂያዎች ለሀዋሳ አምራቾች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የወርክሾፕና የፋብሪካ ባለቤቶች፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ክቡራን እንግዶች፤

በቅድሚያ ለተደረገልኝ ግብዣ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ከማስቲሽ ወደ ባለ ውሃ ማጣበቂያ መሻገርን አንዱን በርሜል አውጥቶ ሌላውን እንደማስገባት ቀላል አድርገው የሚያቀርቡ ሻጮች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ከማጣበቂያው ጋር የገባው ውሃ በሙሉ ኋላ መውጣት አለበት፤ በየት በኩል እንደሚወጣ አስቀድሞ ያላሰበ አምራች ምርቱ ሲላቀቅበት የሚወቅሰው ኮላውን ነው።

ነጩን የእንጨት ኮላ የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። መሠረቱ ፖሊቪኒል አሲቴት ሲሆን፣ ይህን ንጥረ ነገር ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ክላተ እ.ኤ.አ. በ1912 አገኘው። ፖሊመሩ (ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠራው ይህ ንጥረ ነገር) በውሃው ውስጥ አልሟሟም፤ ቅቤ በወተት ውስጥ እንደሚበተን ሁሉ እጅግ በደቀቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ማይክሮን (ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ባነሱ ቅንጣቶች ተበትኖ ይገኛል። ቅንጣቶቹ ያለጊዜያቸው እርስ በርስ እንዳይያያዙ የሚጠብቃቸው በላያቸው የተደረበው ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር ወይም ፖሊቪኒል አልኮል ነው። ፖሊመሩ ስላልሟሟ፣ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ጠጣር የሆነ ፈሳሽ እንኳ ሳይወፍር በብሩሽም በሮለርም ይቀባል። በተለመደው ማስቲሽ ውስጥ ግን ጠጣሩ ከ20 እስከ 25 በመቶ ገደማ ነው፤ የተቀረው ቶሉይን፣ ሄክሴንና መሰል ሶልቬንት፣ ማለትም በቀላሉ የሚተን ማሟሟቻ ፈሳሽ ሲሆን፣ ሁሉም ሠራተኛው በሚተነፍሰው አየር ውስጥ ይበተናል።

ይህ በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከታወቀ ቆይቷል። ቱርካዊው የደም ሐኪም ሙዛፈር አክሶይ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት፣ ቤንዚን የተባለውን ኬሚካል (የመኪናውን ነዳጅ ማለቴ አይደለም) የያዘ ማጣበቂያ ሲጠቀሙ በኖሩ ጫማ ሠሪዎች ላይ የታየውን የደም ካንሰር ለዓለም አሳውቋል። በጣሊያንና በጃፓን ደግሞ ሄክሴን የጫማ ሠራተኞችን የእጅና የእግር ነርቭ ጎድቷል። በየመንገዱ ማስቲሽ የሚስቡ ልጆቻችንንም ሁላችንም እናያቸዋለን። በዚያ ላይ የቶሉይን ተን በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት እንኳ በእሳት ብልጭታ መቀጣጠል ይችላል፤ ሀዋሳ ቀን ላይ ከዚህ የማይሞቅበት ወቅት የለም።

ታዲያ ለምን ሁሉም አልተሻገረም? ምክንያቱ ውሃ አስቸጋሪ ተሸካሚ መሆኑ ነው። 1 ኪሎ ውሃ ለማትነን 2,260 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ለቶሉይን የዚህ አንድ ስድስተኛ ያህል ይበቃዋል። በተጨማሪም ውሃ ፕላስቲክ ላይ አይዘረጋም፤ ባልታከመ የፖሊኤቲሊን ፊልም ላይ አንድ ጠብታ ብታሳርፉ ተድቦልቡሎ ይቀራል። ስለዚህ ፊልሙ ኮሮና በሚባለው የኤሌክትሪክ ፍንጣቂ መታከም አለበት። ሕክምናው ግን ፊልሙ መጋዘን በቆየ ቁጥር እየደከመ ስለሚሄድ፣ አምና ታክሞ የመጣን ጥቅል፣ ፊልሙ ላይ መዘርጋቱ በሚታይ መለኪያ ፈሳሽ ሳይፈትኑ ማሽን ላይ መጫን ኪሳራን መጋበዝ ነው።

የሲዳማን ቡና ቆልቶ፣ በድርብርብ ፊልም አሽጎ ለገበያ የሚያቀርብ አምራች እናስብ። ከረጢቱ የወረቀትና የፕላስቲክ ድርብ ከሆነ ኮላው እርጥብ እንዳለ ሁለቱ በሮለር መካከል ይጫናሉ፤ ውሃው በወረቀቱ በኩል መውጫ አለው። ሁለቱም ፕላስቲክ ከሆኑ፣ ወይም አንዱ የአሉሚኒየም ፎይል ከሆነ ግን ውሃው መውጫ ስለሌለው፣ ኮላው በአንዱ ላይ ተቀብቶ በሞቃት አየር ማድረቂያ ውስጥ ካለፈና ጨርሶ ከደረቀ በኋላ ብቻ ከሌላው ጋር ይገናኛል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚቀረው ደረቅ ኮላ 2 ግራም ገደማ ስለሆነ ለስህተት የሚተርፍ ቦታ የለም። ከማድረቂያው የወጣው ግልጽ ፊልም ብርሃን ላይ ሲታይ ነጭ ጭጋግ ካለው፣ ውሃው ገና አልወጣም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ኦፕሬተሮች ሙቀቱን ይጨምራሉ፤ ሙቀት ብቻውን ሲጨመር ግን የኮላው ገጽ ቀድሞ ይደርቅና ከሥሩ ያለውን ውሃ አፍኖ ያስቀረዋል፣ ፊልሙም ይለጠጣል። የሚሻለው የአየሩን ፍሰት መጨመር ወይም ማሽኑን ማዘግየት ነው፤ አየሩ ራሱ እርጥበት በሚሸከምበት በክረምት ደግሞ ከዚህ ሌላ ምርጫ የለም። ለዚህ ድካም የሚገኘው ዋጋ የሶልቬንት ሽታ ወደ ቡናው የማያልፍበት ከረጢት ነው። ሆኖም ከነማሸጊያው ለሚቀቀል ምግብ ለእንዲህ ያለ ፊልም የሚውለውን ባለ ውሃ ኮላ፣ አክሪሊክን፣ አልመክርም፤ እዚያ ቦታ ሁለት ክፍሎቹ ሲሠራበት የሚቀላቀሉት ፖሊዩሬቴን የተባለው ማጣበቂያ ይሻላል።

በእንጨት ሥራ ውሃውን የሚጠጣው እንጨቱ ራሱ ነው፤ ደርቆ ካልተገኘ ግን አይጠጣም። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚመከረው የእንጨት እርጥበት ከ8 እስከ 12 በመቶ ሲሆን፣ በቅርቡ የተሰነጠቀ ባህር ዛፍ ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። የኮላው ቅንጣቶችም ውሃው ሲለያቸው ተጨፍልቀው አንድ ወጥ ሽፋን ለመሆን የተወሰነ ሙቀት ይሻሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ የከተማችን ሌሊት ሲቀዘቅዝ፣ ማለዳ በቀዝቃዛ ጣውላ ላይ የተቀባ ኮላ ግልጽ ሆኖ በመድረቅ ፈንታ ነጭ ዱቄት ሆኖ በጥፍር ሊፋቅ ይችላል፤ ረፋዱን መጠበቅ ወይም ጣውላውን ክፍል ውስጥ ማሳደር ምንም ወጪ የለውም። ለወጥ ቤት ቁም ሣጥን ደግሞ ተራው ነጭ ኮላ አይበቃምና ዲ3 የሚል የውሃ መቋቋም ደረጃ የተጻፈበትን ጠይቁ።

ስለ ጫማ አጭር ነገር ልበል። ለሶል የሚሆነው ባለ ውሃ ኮላ የፖሊዩሬቴን ዓይነቱ ነው፤ ከተቀባ በኋላ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ከዚያ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አካባቢ ሞቆ ይጫናል። ማሞቂያና መጫኛ የሌለው ወርክሾፕ መጀመሪያ እነዚህን ያሟላ።

በመጨረሻ ወደ እጥበቱ ልምጣ። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት ተቋም ነበረው፤ ከፓርኩ ውጭ ያለን ግን የሮለርና የባልዲ እጣቢያችንን ቦይ ውስጥ እንደፋለን። ጥቁር ውሃ ወንዝ የሚገባበት ሐይቃችን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባው ነገር እዚያው ይከማቻል። ስለዚህ የመጀመሪያውን፣ ወፈር ያለውን እጣቢ በንጹሕ ጀሪካን ያዙትና ሳይበላሽ በቀናት ውስጥ የዚያኑ ዓይነት ኮላ ለማቅጠን ተጠቀሙበት። የተቀረውን በአልሙኒየም ሰልፌት ማርጋት ይቻላል፤ ይህ ኬሚካል አዋሽ መልካሳ ይመረታል። በሳሙና መሰሉ ንጥረ ነገር የተጠበቀው አክሪሊክ በዚህ ቶሎ ይረጋል፣ በፖሊቪኒል አልኮል የተጠበቀው ነጭ ኮላ ግን ያስቸግራል፤ በትንሽ ብርጭቆ ሳትሞክሩ በርሜል ሙሉ አታባክኑ። የረጋው ዝቃጭ ደርቆ የሚወገድበትን ቦታ አንድ ወርክሾፕ ብቻውን ሊያዘጋጅ ስለማይችል፣ በየሰፈሩ ያላችሁ ማኅበራት ጥያቄውን በጋራ ለከተማ አስተዳደሩ እንድታቀርቡ እጠይቃለሁ፤ የቴክኒክ ማብራሪያውን ጽፌ ለማያያዝ ፈቃደኛ ነኝ።

አመሰግናለሁ።