አይናችን ሲዘል ስንት ይፈጥናል? በስልካችን እንለካው

(ቪዲዮ፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ፣ መስኮት ጋ የተቀመጠ ልጅ አይኑ በቅርብ)

ሰላም ቤተሰብ! የሀረጎን ቁልቁለት እየወረድን ነው፣ የዚህን ልጅ አይን ብቻ እዩልኝ። ውጪ አንዱን ዛፍ ይዞ ቀስ እያለ ይከተለዋል ከዛ ዘሎ ይመለስና ሌላ ይይዛል፣ እሱ ግን ምንም አይታወቀውም። እንዲህ ያለው ፈጣን ዝላይ ሳካድ ይባላል፣ ስናነብም ሰው ስናይም በሰከንድ 3 ጊዜ ያህል እንዘላለን፣ በዝላዩ ሰአት ደግሞ አእምሯችን እይታውን ስለሚያፍነው መስታወት ፊት ቆማችሁ የራሳችሁ አይን ሲንቀሳቀስ አታዩትም። ስለዚህ ካሜራ ግድ ነው።

ተመራማሪዎቹ ሬይመንድ ዶጅና ክላይን እ.ኤ.አ. በ1901 ከአይን ላይ የሚያንፀባርቀውን ብርሃን በፎቶ ቀርፀው ነው የለኩት፣ በዛ ዘመን! እኛ ኪሳችን ውስጥ ስሎው ሞሽን አለ።

(ቪዲዮ፦ ደሴ፣ ፀሐይ ያለበት በረንዳ፣ ልጁ ጭንቅላቱን ግድግዳ አስደግፎ)

ካርቶን ላይ 10 ሴንቲሜትር የተራራቁ ሁለት ነጥቦች አርጉና ከአይኑ 57 ሴንቲሜትር ላይ አቁሙት፣ በዚህ ርቀት 1 ሴንቲሜትር 1 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ዝላዩ 10 ዲግሪ ነው ማለት ነው። ስልኩ ከካርቶኑ በላይ ሆኖ አይኑን ይቅረፅ።

በተለመደው በሰከንድ 30 ፍሬም (ቪዲዮውን የሚሰሩት ነጠላ ፎቶዎች) ግን እንዳትቀርፁ። አንዱ ፍሬም 33 ሚሊሰከንድ ነው፣ ዝላዩ ደግሞ በ40 ሚሊሰከንድ አካባቢ ያልቃል፣ እዚህ ነበረ፣ እዛ ደረሰ፣ መሀሉ የለም። በስሎው ሞሽን፣ በሰከንድ 240 ፍሬም ከሆነ 10 ፍሬም ያህል ታገኛላችሁ። ብርሃን ግን በደንብ ይፈልጋል፣ ጉም በወረደበት ቀን አትልፉ።

ሂሳቡን አብሽሩ ቀላል ነው። 10 ፍሬም 42 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፣ 10 ዲግሪን ለሱ ስታካፍሉት በሰከንድ 240 ዲግሪ አካባቢ ይመጣል። ይሄ አማካዩ ነው! አይን ተነስቶ ይፈጥናል ከዛ ፍሬን ይይዛል፣ ከፍተኛውን ፍጥነት የምታገኙት በሁለት ተከታታይ ፍሬሞች መሀል ብዙ የሄደበትን ስትፈልጉ ነው። ዝላዩ ሲተልቅ ፍጥነቱም ይጨምራል፣ በትልልቆቹ ከ500 ዲግሪ በሰከንድ ያልፋል፣ ስለዚህ የስንት ዲግሪ ዝላይ እንደሆነ ሳትናገሩ ፍጥነት ብቻ ብትነግሩኝ ምንም አይገባኝም።

ለመነሳት ስንት እንደሚፈጅበትስ? ጉንጩን በጣት ነካ አርጉት፣ ሲነካ ወደ ሌላው ነጥብ ይይ። ጣቱም አይኑም አንድ ቪዲዮ ላይ ስላሉ ሁለት ሰአት ማመሳሰል አያስፈልግም፣ ጣት ካረፈበት ፍሬም አይን እስኪነሳ ቁጠሩ። 48 ፍሬም ካገኛችሁ 200 ሚሊሰከንድ ነው፣ የተለመደው በዚህ ዙሪያ ነው።

አንዳንድ ስልክ ግን 240 ብሎ ፅፎ ፍሬሞቹን ራሱ ይፈበርካል። መጀመሪያ የሌላ ስልክ ስቶፕዎች ቅረፁና በ1 ሰከንድ ውስጥ በእውነት የሚለያዩ ስንት ፍሬሞች እንዳሉ ቁጠሩ፣ ሂሳቡን በዛ ቁጥር ስሩት።