ፊልም ያልያዘው ዳንሰኛ

[ምስል፦ የሊዮን ባክስት ሥዕል፣ 1912]

ይህን ሥዕል ረጋ ብላችሁ እዩት። ግማሽ ሰው፣ ግማሽ ፍየል። ልብሱ ነጠብጣብ ነው፤ ረጅሙ ሻርፕ ዙሪያውን ይጠመዘዛል። ዳንሰኛው ቫስላቭ ኒዢንስኪ ነው። ሠዓሊው ሊዮን ባክስት፣ ዘመኑ 1912። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ምን ያምራል! ግን ይዋሻል። እንዴት እንደሚዋሽ ቆይተን እናያለን።

[ምስል፦ ባዶ የቲያትር መድረክ]

ኒዢንስኪ ሲደንስ የሚያሳይ አንድም ፊልም እስካሁን አልተገኘም። ሲኒማ ጠፍቶ አይደለም። ኒዢንስኪ የሚደንስበት የሩሲያ ባሌት ቡድን፣ የ«ባሌ ሩስ»፣ አለቃ ሰርጌይ ዲያጊሌቭ ዳንሰኞቹ እንዲቀረጹ አይፈልግም ነበር። ፎቶዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ስቱዲዮ ውስጥ ቀጥ ብሎ የተነሣቸው ናቸው። ያን ሁሉ ያስወራው ዝላይ የት አለ? በሰው አፍና በሠዓሊዎች ወረቀት ላይ ብቻ።

[ምስል፦ የሴሮቭ ፖስተር]

ቡድኑ ፓሪስ ላይ ባሌት ይዞ የቀረበው በ1909 ነው። ፖስተሩን ቫለንቲን ሴሮቭ ሣለው፦ ዳንሰኛዋ አና ፓቭሎቫ በእግሯ ጣቶች ጫፍ ቆማ፣ በከሰልና በነጭ ጠመኔ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

[ምስል፦ የጆርጅ ባርቢየር አልበም]

በዓመቱ «ሼሄራዛድ» የተባለው ባሌት መጣ። ንጉሡ አደን ሲወጣ ሚስቶቹ ባሪያዎቹን ወደ እልፍኝ ያስገባሉ። ንጉሡ ድንገት ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ እልቂት ነው። ኒዢንስኪ ወርቃማውን ባሪያ ሆኖ ተጫወተ፤ ንግሥቲቱ ኢዳ ሩቢንስታይን ነበረች። ሠዓሊዎቹ እዚህ ላይ አበዱ ማለት ይቻላል። በ1913 ፈረንሳዊው ጆርጅ ባርቢየር የኒዢንስኪን ሚናዎች በአልበም አወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት ለቡድኑ ዳንሰኛ ለታማራ ካርሳቪና ሌላ ሠራላት። በዚያው በ1913 ሜክሲኳዊው ሮቤርቶ ሞንቴኔግሮ ያንኑ ኒዢንስኪን በጥቁር፣ በነጭና በወርቃማ ቀለም ሣለው።

የባርቢየር ቀለም እንዲህ ጥርት ያለው ለምን ይመስላችኋል? በማሽን ስላልተቀባ ነው። መስመሩ ይታተማል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቀለም ስስ ብረት በቅርጹ ልክ ይቀደዳል፤ ባለሙያው በቀዳዳው በኩል በብሩሽ ይቀባል። ለቀዩ አንድ፣ ለወርቃማው ሌላ። ፈረንሳዮች ፖሽዋር ይሉታል። ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ፍጹም አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

[ምስል፦ የቫለንቲን ግሮስ የእርሳስ ንድፎች]

አሁን ደግሞ እነዚህን ጫር ጫር የተደረጉ መስመሮች እዩ። ቫለንቲን ግሮስ ትባላለች። ጨለማው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ከመድረኩ ሳትነቅል ትሥላለች። ግድግዳ ላይ ለመስቀል አይመቹም። ግን በ1987 የአሜሪካው ጆፍሪ ባሌት ቡድን ጠፍቶ የቆየውን የኒዢንስኪን ባሌት «የጸደይ ሥርዓት» እንደገና መድረክ ላይ ሲያቆም፣ ከተደገፈባቸው ማስረጃዎች አንዱ የእሷ ንድፍ ነበር። የባርቢየርን አልበም ይዞ ግን ማንም ውዝዋዜ መልሶ ሊሠራ አይችልም። ባርቢየር የሣለው ተመልካቹ በልቡ ይዞት የወጣውን ነው፤ እሷ እግሩ የት እንዳረፈ ይዛለች።

[ምስል፦ እንደገና የባክስት ሥዕል]

ወደ ውሸቱ እንመለስ። ሥዕሉ የሚያሳየው ባሌት «የፋውን ከሰዓት በኋላ» ይባላል፤ ዐሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ፍየል መሳዩ ጎረምሳ የጫካ ቆነጃጅትን ያያል፤ ይሸሹታል፤ የአንዷ ሻርፕ እጁ ላይ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ሻርፑ ላይ ተኝቶ ያደረገው ነገር ፓሪስን አሳበደ። «ፊጋሮ» ጋዜጣ በፊት ገጹ አወገዘው፤ ቀራፂው ሮዳን በስሙ በወጣ ጽሑፍ ተከላከለለት።

ኒዢንስኪ የዚህን ውዝዋዜ እንቅስቃሴ በ1915 ራሱ በምልክት ጽፎት ነበር። ምልክቱ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተፈታ። ዳንሰኞቹ በጥንት የግሪክ ማሰሮ ላይ እንዳሉት ሥዕሎች ናቸው፦ ፊታቸው ወደ ጎን፣ አካሄዳቸው ደረቅ፣ እጃቸው በማዕዘን የታጠፈ። ጎረምሳው የሚዘለው አንዴ ብቻ ነው።

አሁን ሥዕሉን ደግማችሁ እዩት። ገላው ይለመጣል፤ ሻርፑም ነፋስ እንዳገኘ ይበራል።