ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ግን ይቀራል

[ምስል፦ መስኮት ዳር የተቀመጠ ነጭ ሳህን፣ ውስጡ ትንሽ ውሃ]

ሳህን ላይ ትንሽ ውሃ አድርጉና ጨው ቆንጠር አድርጋችሁ ጨምሩበት። አማስሉት። ጨዉ ጠፋ አይደል? ሳህኑን ፀሐይ ላይ አስቀምጡትና ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ እዩት። አሁን የጠፋው ውሃው ነው። የሳህኑ ዳር ዳር ግን ነጭ ቅርፊት ይዟል። ጨዉ የትም አልሄደም ነበር።

የዛሬው ጉዳያችን ይኼው ነው። ሳህኑን አገር ያህል አስፉት፤ ሁለቱን ቀን ብዙ መቶ ዓመት አድርጉት።

ስለ ግብርና፣ ስለ አካባቢና ስለ ማኅበረሰብ ሲወራ ብዙ ጊዜ ሦስት ክብ ይሣልና በቀስት ይያያዛል። ሥዕሉ ስሕተት የለውም፤ ግን እውነቱን ለመናገር ምንም አይነግረንም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይዘን እንሂድ፤ ጨውን።

[ካርታ፦ ጤግሮስና ኤፍራጥስ]

የዛሬዋ ደቡብ ኢራቅ፣ ከ5,000 ዓመት በፊት። ሱመር። ዝናቡ ለእህል አይበቃም፤ ወንዞቹ ግን አሉ። ስለዚህ ሰው ቦይ ቆፈረ።

ቦይ ደግሞ ቆፍረው የሚተዉት ነገር አይደለም። ደለል ይሞላዋል፤ በየጊዜው መጠረግ አለበት። ማን ይጥረገው? ውሃው መጀመሪያ ለማን ይድረስ? ከላይ ያለው ሰውዬ ቢዘጋውስ? ይህን የሚዳኝ፣ ሠራተኛ የሚያሰማራ፣ እህል ሰብስቦ ቀለብ የሚሰፍር ሰው አስፈለገ። ስንት ገብስ ገባ፣ ስንት ወጣ የሚለው በቃል አልያዝ ሲል ደግሞ ሸክላ ላይ መጫር ተጀመረ። ከቀደሙት የሜሶጶጣሚያ ጽሑፎች አብዛኞቹ ግጥምም ጸሎትም አይደሉም፤ የሒሳብ መዝገብ ናቸው። የሰው ልጅ ብዕር ያነሳው “ማን ስንት ወሰደ?” ብሎ ነው ማለት ነው። አይገርምም።

[አኒሜሽን፦ ከላይ ማሳ፣ ከሥር የአፈር ንብርብር]

አሁን ወደ አፈሩ እንውረድ። የወንዝ ውሃ ከድንጋይና ከአፈር ያጠበው ጨው ይዞ ነው የሚመጣው። በሊትር ግማሽ ግራም ነው እንበል። ብትጠጡት ልብ አትሉትም። አንድ ሄክታር ማሳ በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ከጠጣ ግን 5 ቶን ጨው ገባበት። 50 ኩንታል! ማንም ሳይሸከመው፣ በየዓመቱ። ተክሉ ውሃውን ስቦ አብዛኛውን ጨው እዚያው ይተወዋል። ፀሐይም እንደዚያው።

የባሰው የሚመጣው ከሥር ነው። ውሃ ከልክ በላይ ሲለቀቅ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ይላል። ከላይ ሁለት ሜትር ገደማ ሲቀረው አፈሩ ራሱ ይስበዋል። የሶፍት ጫፍ ሻይ ሲነካ ሻዩ እየወጣ እንደሚሄደው ማለት ነው። ላይ ሲደርስ ይተናል፤ ጨዉን ጥሎ።

በዚህ ጊዜ ሰብሉ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ በውሃ ጥም ይሞታል። አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ጨው ሲበዛበት ሥሩ መሳብ ያቅተዋላ። ቅጠሉ ከጫፉ ማረር ይጀምራል። ገበሬውስ የጠወለገ ሰብል ሲያይ ምን ያደርጋል? ውሃ ይጨምርለታል።

ስንዴ ጨው ብዙም አይችልም፤ ገብስ ይሻላል። በደቡብ ሜሶጶጣሚያ ስንዴ እየቀረ ገብስ እየበዛ የሄደው በዚህ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ሱመርን የጣላት ጨው ነው ብለው የሚደመድሙም አልጠፉም። እዚህ ላይ እኔ ቆም እላለሁ። ገበሬ ሞኝ አይደለም። ማሳን በየሁለት ዓመቱ ማሳረፍ እዚያ የታወቀ ዘዴ ነበር። መሬት ለማሳረፍ ግን የሚታገስ ጌታ ያስፈልጋል። ግብር ሰብሳቢው ዘንድሮም ስፈር ካለ፣ ጦም ያደረ ማሳ ቅንጦት ይሆናል።

ግብፅን ደግሞ ዓባይ ራሱ ያጥብላት ነበር። በዓመት አንዴ ጎርፉ ይመጣል፣ ጨዉን ጠራርጎ ይሄዳል። የአስዋን ትልቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲያልቅ ያ ጎርፍ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሥራውን ለመተካት በየማሳው ሥር የውሃ ማስወገጃ ቧንቧ ሲቀበር ኖሯል።

[ምስል፦ አሸዋ ላይ የቆመ ዝገት የበላው ጀልባ]

ይህ ቦታ ሙይናቅ ይባላል፤ ኡዝቤኪስታን ውስጥ ነው። ወደብ ነበር። የአራል ባሕር 68,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሰፋ፣ በዓለም አራተኛው ትልቅ ሐይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሶቪየት ኅብረት የሚገብሩለትን ሁለት ወንዞች፣ አሙ ዳርያንና ሲር ዳርያን፣ ወደ ጥጥ ማሳ አዞረቻቸው። ሐይቁ እንደሚቀንስ ባለሙያዎቹ ያውቁ ነበር። ጥጡ ይሻላል ተባለ። ወሳኞቹ የተቀመጡት ሞስኮ ነው፤ ባሕሩ የሸሸው ከሙይናቅ።

ዓሣ አጥማጆቹ መጀመሪያ ላይ እንደ ቀልድ ነው የያዙት ማለት አይቻልም። የሚሸሸውን ውሃ በቦይ ተከታተሉት። ቆፈሩ፣ ሸሸ። እንደገና ቆፈሩ። በሊትር 10 ግራም ገደማ የነበረው ጨው እየጨመረ ሲሄድ ዓሣው አለቀ፤ በደቡቡ ክፍል ጨዉ ኋላ ላይ ከ100 ግራም አልፏል። የዓሣ ማሸጊያው ፋብሪካ እንዳይዘጋ ከሩቅ ባሕር ዓሣ በባቡር ይጫንለት ጀመር፤ በረሃ መሀል። ከደረቀው ወለል የሚነሳው ነፋስ ጨውና የጥጥ ማሳ ኬሚካል ይዞ ሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ ያንኑ የጥጥ ማሳም ያለብሰዋል።

በሰሜን በኩል ካዛኪስታን እ.ኤ.አ. በ2005 ኮክ አራል የሚባል ግድብ ጨርሳ ትንሹን ክፍል ለየችው። ውሃው ከፍ አለ፣ ጨዉ ቀነሰ፣ ዓሣም ተመለሰ፤ አጥማጆቹም ተከትለውት። ደቡቡ አልተመለሰም።

በአሙ ዳርያ ዳር ያሉ ገበሬዎች ዛሬም ከዘር በፊት ማሳቸውን በውሃ አጥለቅልቀው ጨዉን ያጥባሉ። ያ የታጠበበት ውሃ በማስወገጃ ቦይ ይወጣል። ከፊሉ ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ይገባል።

[ምስል፦ ካሜራው ወንዙን ተከትሎ ቁልቁል ይወርዳል]

ከታች ደግሞ ሌላ ገበሬ አለ። ቦዩን ከፍቶ ይጠብቃል።